በክረምቱ መውጫ በደቅ ደሴት ከልጆች ጋር ወጣ ብሎ ለመዋል ምን ትመክሩናላችሁ?

አዲስ ደሴተኛ፦
እንደምን ከረማችሁ? ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ጣና ሐይቅ ውስጥ ወዳለው ደቅ ደሴት ስለ ተዛወረ፣ እኔም ሦስት ልጆቻችንን ይዤ ከደብረ ማርቆስ ከተከተልኩት ሰባት ወር ሆኖኛል። ልጆቹ 11፣ 9 እና 5 ዓመታቸው ነው። ሐምሌን በሙሉ ከቆርቆሮው በታች ተቀምጠን ዝናብ ስናዳምጥ አሳለፍን፤ ከቡሄ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ሰማዩ እየገለጠ ስለ ሆነ ቤት ውስጥ የሚያቆማቸው ጠፍቷል። ትልቁ ልጄ ነሐሴ 13 ቀን ጅራፉን ሲያጮህ የዋለው ታንኳ ከሚደርቅበት ዳርቻ ነበር። ታንኳዎቹ ውኃቸው እንዲንጠፈጠፍ ዛፍ ተደግፈው ቆመው ነበርና፣ እርሱ ከሥራቸው ቁጭ ብሎ ታንኳው ከተሠራበት ደንገል የሚወርደውን ጠብታ በጣሳ ሲያጠራቅም አገኘሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ታንኳ ነው።

ልጆችን በታንኳ ማሳፈር ያስኬዳል? ዳር ዳሩን ቢዋኙስ? ጳጉሜንና መስከረምን የት የት ብንወስዳቸው ይሻላል? አማቴ ስልክ በደወሉ ቁጥር «ጉማሬ እንዳይተናኮላቸው» እያሉ ስለሚያስጨንቁኝ፣ የሚያውቅ ሰው ቢመልስልኝ እወዳለሁ።

የናርጋ ልጅ፦
እኅታችን፣ እንኳን ወደ አገራችን በሰላም መጣችሁ። እኔ ደቅ ተወልጄ ያደግሁ ስለ ሆንሁ ከታንኳው ልጀምር። ደንገል በቀላሉ አይሰምጥም፤ ሆኖም ታንኳ ሚዛኑ ስስ ነውና፣ አንድ ልጅ ዓሣ አየሁ ብሎ በድንገት ቢነሣ ሁሉም ውኃ ውስጥ ናቸው። ከዳርቻው ሳይርቅ፣ አዋቂ ቀዛፊ ይዞ፣ አንድ አንድ ልጅ ብቻ እየተቀመጠ ቢሞክረው አይከፋም። ከደሴት ደሴት ለመሻገር ግን የሞተር ጀልባ ይሻላል፤ እርሱም የተንሳፋፊ ሰደርያ ካለው ነው። አንድ ባለጀልባ «ለልጅ የሚሆን የለኝም፤ ግን ቅርብ ነው» ብሎኝ ልጄን አሳፍሬ፣ መሐል ላይ ማዕበል ተነሥቶብን ሁለት እጄን ከወገቡ ሳላነሣ የደረስሁበትን ቀን አልረሳውም።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጠለቀ በሚባልበት ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ነፋስ ቶሎ ያናውጠዋል። ጠዋት እንደ መስተዋት የተኛው ውኃ ከቀትር በኋላ ሌላ ነው። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፣ ከረፋዱ በፊት መድረስ ነው።

ለመሄጃ ከናርጋ ሥላሴ ጀምሩ፤ በእግር ስለሚደረስ ጀልባም አያስፈልግም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው። የግቢው የድንጋይ አጥርና በሩ የጎንደርን ግንብ ያስታውሳል፤ በውስጡም እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። የእኔ ልጆች ከሁሉ አስበልጠው የወደዱት ያንን ነው። ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የምትሻገሩ ከሆነ ግን ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ፣ ሴት ልጅ ካለችሽ ከጉዞው በፊት ንገሪያት።

ነጭ ጋወን፦
በሐይቁ ዳር በሚገኝ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነኝ። ጉማሬ ካለበት መራቅ ተገቢ ነው፤ ወደ ክፍላችን የሚመጡት ልጆች ግን የጉማሬ ሳይሆኑ፣ ከውኃ የሚይዝ የትል በሽታ የሆነው የቢልሃርዚያ ናቸው። ተሸካሚው ትንሽ ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣርና ቄጤማ ባለበት፣ ውኃው ረጋ ባለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው፤ ይህም እናቶች «እዚህ አይሰምጡም» ብለው ልጆቻቸውን የሚለቁበት ቦታ ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ጥገኛ በደኅና ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ ሲበረታ፣ ልጆች ሊዋኙ በሚፈልጉበት ሰዓት ነው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ያድናል እንጂ አስቀድሞ አይከላከልም። ውኃ ገብተው ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ የሚገድለው ያደገውን ትል ስለ ሆነ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ መመርመር ይሻላል። የሐይቅ ውኃ ለገላ የምትቀዱ ከሆነ አፍልታችሁ አብርዱት፣ ወይም ከአንድ እስከ ሁለት ቀን አሳድሩት።

ሌላው አጎበር ነው። ዝናቡ ቀነሰ ብላችሁ አታውርዱት፤ በእኛ አካባቢ ወባ የሚበረታው ከመስከረም ጀምሮ ነው።

አዲስ ደሴተኛ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሣር ያለበት ዳርቻ እኔም የመረጥሁላቸው ቦታ ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ስለ ዳጋ ስትሰማ «ታዲያ እኔን ናርጋ ሁለት ጊዜ ውሰዱኝ» ብላለች። ውኃ ከከለከልኋቸው ግን ምን ልስጣቸው?

የዘጌ ቡና፦
ዘጌን ስጫቸው። ወደ ባሕር ዳር በምትወርዱበት ቀን ዘጌ ላይ ብትወርዱ፣ ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ጀምሮ ያለው መንገድ ቡናና ትልልቅ ዛፍ የሸፈነው ስለ ሆነ ጥላ ለጥላ ይሄዳል። ቡናው በጳጉሜ ገና አረንጓዴ ነው፤ መልቀም የሚፈልግ ልጅ እስከ ኅዳር መታገሥ አለበት። በአባቶች ሥርዓት ዘጌ ላይ በሬ ተጠምዶ አይታረስም፤ ደኑ እስከ ዛሬ የቆየውም በዚህ ነው። ዳቦ በፌስታል እንዳትይዙ ብቻ፤ ጦጣው ከልጅ እጅ መንጠቅ ያውቅበታል።

ነፍናፊት፦
የእኔ ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ክረምት መውጫ ላይ ያልታየ ጢስ ዓባይ በበጋ ቢታይ ግማሹ ነው፤ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ በበጋ ገደሉ ራቁቱን የሚቀርበት ጊዜ አለ። አሁን ግን 40 ሜትር ያህል ከሆነው ገደል ሲወርድ ጢሱ ከማዶ ያለውን ሰው ያረጥባል፤ ቅያሪ ልብስ ያዙ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግራችሁ ዳገቱን ትወጣላችሁ፤ ጭቃው ስለሚያንሸራትት የአምስት ዓመቱን በአንቀልባ ማዘል ሳይሻል አይቀርም።

ነጭ ጋወን፦
ውኃ ለተከለከሉት ልጆች አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። ከሰማይ በሚወርደው ዝናብ ቀንድ አውጣ የለም።

አዲስ ደሴተኛ፦
የሩፋኤል ዕለት ማታ ነው የምጽፈው። ጠዋት ናርጋ ደርሰን ከሦስት ሰዓት በፊት ተመለስን። ዝናቡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልመጣም ነበርና ልጆቹ ደጃፍ ላይ ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ዋሉ። ሲመጣ ሦስቱም ከቆርቆሮው ጠፈጠፍ ሥር ገብተው እስኪንቀጠቀጡ ታጠቡ፤ ትልቁም ጣሳውን አልረሳም። ለአማቴም ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ እርሳቸው ደግሞ አሁን ስለ መብረቁ ይጨነቃሉ።