የትምህርት ክፍላችንን ዜና ጻፍ ተባልኩ፤ ምኑ ነው ዜናው?

የላቡ ቁልፍ ያዥ (ሱሉልታ)

ጤና ይስጥልኝ። በሱሉልታ በኩል፣ ከከተማው ዳር ባለ አንድ ግቢ የባዮሎጂ ላብ ቴክኒሺያን ነኝ። የግቢውን ስም ተዉት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማይክሮስኮፕ ስወለውል፣ አጋር ሳፈላ፣ ተማሪ የሰበረውን ስላይድ ስቆጥር ኖሬአለሁ፤ ጻፍ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ባለፈው ሰኞ ኃላፊያችን ጠራኝና «ዜናና ዝግጅት የሚለው ገጻችን ካቻምና እንደቆመ ቀርቷል፤ በየክፍሉ የምትዞረው አንተ ነህ፤ በየወሩ የሆነ ነገር ጻፍልን» አለኝ። ማስተማሩ ለበዛባቸው መምህራን አዘነ እንጂ ለእኔ አላዘነም። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አላውቅበትም።

እንደ ቀድሞዎቹ ልጽፍ ብዬ አሮጌዎቹን አውጥቼ አነበብኩ። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። «በደማቅ ሁኔታ ተከበረ»፣ «በስኬት ተጠናቀቀ»፣ «ተሳታፊዎቹ ገለጹ»። አንዱ ስለ ምርምር ጉባኤ ነው። መክፈቻ ንግግር ያደረጉት፣ የዘጉት፣ መሐል ላይ ደርሰው ፎቶ የተነሡት ሁሉ ከነማዕረጋቸው ተደርድረዋል። ጥናቶቹ ግን «ስምንት ጽሑፎች ቀርበዋል» ተብለው በሦስት ቃል አለቁ። ያን ቀን ፕሮጀክተሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንዲት ተማሪ ከሰፈሯ ወንዝ የለቀመችውን በአልኮል ጠርሙስ ይዛ መጥታ ነበር። ከቤቶቹ በላይ ከተወሰደው ውሃ ስድስት ዓይነት የነፍሳት እጭ ወጣ፤ ከቤቶቹ በታች ካለው ደግሞ ያቺ የቆሸሸ ውሃ የምትችለው ቀይ ትል ብቻ። ይሄው ነው። ሁለቱን ጠርሙስ ጎን ለጎን ያየ ሰው ስለ ወንዙ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በዜናው ግን ልጅቷም የለች፣ ትሏም የለች።

አሁን የመስከረምን ልጻፍ። የሆነው ይኸውላችሁ።

ሐሙስ ዕለት ሴሚናር ነበር፤ አሥራ አንድ ሰው መጣ፣ አራቱ ለሻዩ ነው።

የመስታወት ዕቃ ስታጥብልን የኖረችው እትዬ ጡረታ ወጣች። ሠላሳ አንድ ዓመት! ፔትሪ ዲሹን ገና ከመደርደሪያው ስታነሣው «ይኼኛው ተበላሽቷል» ትላለች፤ ተሳስታ አታውቅም። ዳቦና ለስላሳ ተገዝቶ ተሸኘች።

የአውቶክሌቩ (በግፊት እንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን) የክዳን ጎማ እስካሁን አልመጣም። ግዢ ክፍል «በሂደት ላይ ነው» ካለ ስምንት ወር ሆነው። እኔ ከቤት ባመጣሁት ፕሬዠር ኩከር ነው የምሠራው። (እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው «121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ» ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈ ነው፤ ኩከሩ በዚያው ግፊት እዚህ 121 አይደርስም። ስለዚህ ጊዜውን አስረዝመዋለሁ። ይህን ለአዲስ መምህር ሁሉ ሳስረዳ ነው የኖርኩት።)

ከሕንፃው ጀርባ ያለው ረግረግ ሜዳ ግማሹ በቆርቆሮ ታጠረ። ማን እንዳጠረው አልናገርም። ፍሬሽማን ተማሪዎችን ለመስክ ልምምድ የምናወጣው እዚያ ነበር።

ሌላ ምን አለ? የእንቁራሪቱ ድምፅ ዘንድሮ ክረምት ከአንድ ወገን ብቻ ነው የተሰማው። አደይ ጳጉሜን 3 ፈነዳ። ይሄ እንኳ የራሴ ጉዳይ ነው፤ ከላብ መዝገቡ ጀርባ ላይ የምጭረው እንጂ ዜና አይደለም።

ምኑን ልጻፍ? ኃላፊው «አጭርና አዎንታዊ ይሁን» ብሎኛል።

ድሮ ሬዲዮ

ወንድሜ፣ አርባ ዓመት በዜና ክፍል ያለፈ ሰው ይምከርህ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርህ ምን እንደተገኘ ይናገር። የባለማዕረጎቹን ስም መጨረሻ ላይ አድርገው፤ ቦታ ካነሰ የሚቆረጠው ከግርጌ ነውና። ከጻፍከው ላይ ቀኑንና ቦታውን አጥፍተህ ለሌላ ዓመት፣ ለሌላ ግቢ የሚሠራ ከሆነ ቅደደው። «በደማቅ ሁኔታ»ን ደግሞ መብራት ኃይል ካልሆንክ አትጠቀምባት።

ከነቆሎው

ጋሼ፣ «ሻይና ዳቦ አለ» ብለው ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ወንበር ያንሳችኋል 😄

የቡራዩው መምህር

ጋሼ፣ ማን እንደሆኑ ያወቅሁ መሰለኝ! እኔ እዚያው ነው የተመረቅሁት። አሁን ቡራዩ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እትዬ ወጣች? የመጀመሪያ ዓመት ቢከር ሰብሬ ስደበቅ ጠርታኝ፣ ሳትናገር ስብርባሪውን በጋዜጣ ጠቅልላ የጣለችልኝ እሷ ናት። ከዚያ መዝገቡ ላይ ግን አስፈረመችኝ። እባክዎ ስሟን ከነዓመቱ ይጻፉት። «የአስተዳደር ሠራተኛ ተሸኘች» ብለው እንዳያልፉት።

ዋናው ልለው የፈለግሁት ግን ሌላ ነው። የዩኒቨርሲቲ ዜና ሁልጊዜ የሚደርሰን ካለፈ በኋላ ነው። «ተካሄደ» ትሉናላችሁ እንጂ «ይካሄዳል» አትሉንም። የወንዙ ጥናት የቀረበበትን ጉባኤ ቀድሜ ሰምቼ ቢሆን አሥራ ሁለት ተማሪ ይዤ እመጣ ነበር፤ እኛም ከትምህርት ቤቱ በታች ወንዝ አለን፣ ቀይ ትልም አናጣም። ስለዚህ ቢያንስ ከሳምንት በፊት፦ ርእሱ ምንድን ነው፣ በስንት ሰዓት ነው (በኢትዮጵያ ሰዓት ይሁን፤ ባለፈው «3፡00» አይቼ ጠዋት ሄጄ በሩ ተዘግቶ አገኘሁት)፣ ክፍሉ የቱ ነው፣ በር ላይ ጥበቃው መታወቂያ ይጠይቃል ወይ፣ ከፒያሳ ለሚመጣ የት ታክሲ ይያዛል። ከፎቶው ይልቅ እሱን ይጻፉልን።

አረንጓዴ ካባ

ጡረታ የወጣሁ የዕፅዋት ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን በደረቀ ቅጠል ውስጥ ጨርሻለሁ። ከዚህ ሁሉ ያቆመኝ «ዜና አይደለም» ብለህ የጣልካት አንዲት መስመር ናት። አደይን ስንት ዓመት መዝግበሃል?

ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በዚያ ቀን ስለ እሳቸው ዜና የሚጻፍ ቢሆን ኖሮ፣ እንዳንተ አሮጌ ገጽ «ተመራማሪው በአድዋ የመስክ ጉብኝት አደረጉ፤ ደማቅ አቀባበልም ተደረገላቸው» ተብሎ ያልፍ ነበር። የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ዜና አይመስሉማ! ከዚያች ዕይታ የተነሣው ሥራ ግን በ1989 እ.ኤ.አ. ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

ስለ አደይ ደግሞ ላስቸግርህ። የትኛው አደይ ነው? እኛ በአንድ ስም እንጠራዋለን እንጂ አንድ ዝርያ አይደለም። ቢደንስ ማክሮፕቴራ አለ፣ ቢደንስ ፓኪሎማ አለ፣ ቢደንስ ፕሬስቲናሪያ አለ፤ ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም በመስቀል ሰሞን። ልብስ ላይ የሚለጠፈው ጨጎጎት እንኳ የእነሱ ዘመድ ነው። ቢደንስ በላቲን «ሁለት ጥርስ» ማለት ነው፤ ጥርሱ ያለው ፍሬው ላይ ነው። ለመለየት ፍሬውም ያስፈልጋል፤ አበባ ብቻ ቆርጠህ ብታመጣ እኔም እገምት ይሆናል እንጂ አልፈርምልህም። «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» የተባለው የዕፅዋት መዝገብ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. ያለቀው፣ ስድስት ሺህ ገደማ ዝርያ የያዘው፣ እንደዚህ ቅጠል በቅጠል ነው።

ናሙና አንሣ። ከአንድ ተክል አበባም ቅጠልም ሥርም ይኑረው። ጋዜጣ ውስጥ አስተኝተህ ጫነው፤ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይር፣ አለዚያ ይሻግታል። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የሰብሳቢውን ስም ጻፍበት። ሁለት አድርግ፤ አንዱን ለእናንተ፣ አንዱን አራት ኪሎ ለብሔራዊ ሄርባሪየሙ፣ ለደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያው።

ጥያቄ አለኝ

ሌላ ግቢ አስተማሪ ነኝ። ደስታችሁን ማደብዘዝ ባልፈልግም፣ «መጀመሪያ የፈነዳበት ቀን» በጣም አታላይ ቁጥር ነው። በየቀኑ ያየ ሰውና በሳምንት አንዴ ያየ ሰው የተለያየ ቀን ይጽፋሉ። ሜዳው ሲሰፋ ደግሞ ቀድሞ የሚፈነዳ አንድ ተክል የማግኘት ዕድል ይጨምራል። አሁን ሜዳው ግማሹ ከታጠረ የዘንድሮው ከአምናው ጋር እንዴት ይወዳደራል? እንቁራሪቱም እንደዚያው፤ ከታጠረው ወገን ድምፁ የጠፋው እንቁራሪት ስለሌለ ነው ወይስ እርስዎ ስለማይጠጉ?

የላቡ ቁልፍ ያዥ (ሱሉልታ)

እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህን ያህል ሰው ይመልስልኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

መዝገቡን አወጣሁት። አሥራ አራት ክረምት ነው። ሁለት ዓመት ይጎድላል፦ አንዱ በኮሮና ግቢው የተዘጋበት፣ አንዱ እናቴ ያረፈችበት። የቀረው አሥራ ሁለት ነው። ጥያቄ አለኝ ያሉት መምህር ልክ ነዎት፤ ስለ ሜዳው ሁሉ መናገር አልችልም። እኔ የማየው ከዝግጅት ክፍሉ መስኮት ፊት ለፊት ያለችውን፣ ከቧንቧው እስከ ወይራው ያለችውን ቁራጭ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ውሃ ስጥድ፣ በየሥራ ቀኑ። ቅዳሜና እሑድን አላየሁም፤ ሰኞ የተጻፈ ሁሉ ምናልባት ቅዳሜ የፈነዳ ነው። እሷ ቁራጭ አልታጠረችም። እስካሁን ቀዳሚው ነሐሴ 26 ነው፤ ዘግይቶ ያየሁት መስከረም 6። ከዚህ ተነሥቼ ስለ ዝናቡም ስለ ሙቀቱም ምንም አልልም፤ ቁጥሩን እሰጣለሁ፣ የሚያውቅ ያስበው።

የእንቁራሪቱ ግን ነካኝ። እውነት ነው፣ ቆርቆሮው ከቆመ ወዲህ ወደዚያ አልተጠጋሁም። ትናንት ማታ ከጥበቃው ጋር ባትሪ ይዘን ሄድንና አጥሩ ሥር ቆመን ግማሽ ሰዓት አዳመጥን። ዝም ነው። ዝናቡ ስለቆመ ግን ከዚህኛውም ወገን ዝም ነበር፤ ስለዚህ ምንም አላወቅንም። የሚመጣው ሰኔ ላይ ዝናብ ሲጥል፣ ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት በሁለቱም በኩል ቆሞ ይሰማል። ጥበቃው ተስማምቷል። እንቁራሪቷ አፈር ውስጥ ተቀብራ የምትጮኸዋ ናት፤ መምህሮቻችን ሌፕቶፔሊስ ግራሚኔየስ ይሏታል። ዘመዶቿ ዛፍ ላይ ሲወጡ እሷ ጉድጓድ የመረጠች፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የማትገኝ። ጥበቃው ግን እስከ ትናንት ድረስ ፌንጣ ናት ብሎ ይከራከረኝ ነበር።

ለኃላፊው ያቀረብኩት ረቂቅ ይኸውና፦

«በሱሉልታ መንገድ ከሚወርድ አንድ ወንዝ፣ ከመኖሪያ ቤቶች በላይ ስድስት ዓይነት የውሃ ነፍሳት እጭ ሲገኝ ከቤቶቹ በታች አንድ ዓይነት ብቻ መገኘቱን የክፍላችን ተማሪ አሳየች። ናሙናዎቹ በላብ ሁለት ይገኛሉ፤ ማየት የሚፈልግ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት ይምጣ፤ ጥበቃ ክፍል መታወቂያ ይያዛል። ከ31 ዓመት አገልግሎት በኋላ...» እያለ እትዬን ከነሙሉ ስሟ፣ ከነፔትሪ ዲሹ ይናገራል። የመጨረሻው መስመር «አደይ አበባ በግቢያችን ጳጉሜን 3 ፈነዳ» ነው።

ኃላፊው ሁለቴ አነበበው። «የታጠረው ሜዳ የለበትም?» አለኝ። አጭርና አዎንታዊ ያልከኝ አንተ ነህ አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «የመስክ ልምምድ ቦታ ተቀይሯል በል፤ ለምን እንደተቀየረ የሚጠይቅ ይጠይቀን» አለ። እንዲያ ተብሎ ገባ።

የቡራዩው መምህር፦ ዓርብ ና። አሥራ ሁለቱንም ልጆች አምጣቸው፤ የመስታወት ዕቃ ግን አስነካለሁ አልልህም።

አረንጓዴ ካባ

ናሙናውስ?

የላቡ ቁልፍ ያዥ (ሱሉልታ)

ዛሬ ጠዋት ሰርቪሱ ሳይገባ ነቀልኩ፤ ሁለት ተክል ከነሥሩ። ከፍታውን በስልኬ ለካሁት፣ 2600 ሜትር አካባቢ ነው ያለኝ። አጠገባቸው ያለችውን ሦስተኛዋን ትቼ ግንዷ ላይ ቀይ ክር አሠርኩባት፤ ጥቅምት ላይ ለፍሬዋ እመለሳለሁ። የሚያሰጋኝ አጫጆቹ ናቸው፤ ሣሩ ዘንድሮ ቶሎ ደርሷል፣ ባለቤቱም ቶሎ ሽጦ መገላገል ይፈልጋል። ለጥበቃው ነግሬዋለሁ፣ ለአጫጆቹ አለቃም ሻይ ጋብዤ ክሯን አሳይቼዋለሁ። «ለዚች?» ብሎ ሳቀ፤ ግን እሺ ብሏል።

አሁን የጎደለኝ ጋዜጣ ነው። ሰው ሁሉ በስልክ ማንበብ ጀምሮ አንድ አሮጌ አዲስ ዘመን እንኳ ከግቢው አጣሁ። ድሮ ሬዲዮ፣ እርስዎ ቤት አይጠፋም፤ በቡራዩው ልጅ እጅ ዓርብ ይላኩልኝ።