የጋራ ፕሮፖዛል፣ ረቂቅ 3፦ አስተያየት እስከ ዓርብ ብቻ

ጸሐፊ፣ ሰኞ ከምሽቱ 2:10
ረቂቁ ተለጥፏል። ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚገባው ይኸው ነው። ለገሃር ተገናኝተን የተባባልነውን ሦስት ነገር ይዟል። ክፍል 1 የሎግቡክ (የሥራ ልምድ መመዝገቢያ ደብተር) ጉዳይ፣ ክፍል 2 የድሮን መሞከሪያ ሜዳ፣ ክፍል 3 የግል አውሮፕላን ኦፕሬተሮች ተለማማጅ እንዲቀበሉ። መዋጮው ለሕግ ባለሙያና ለኅትመት ነው። እስከ ዓርብ ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል።

ባለ ሪቬት፣ 2:31
ክፍል 1 ለስልሷል። በግልጽ ይጻፍ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አኔክስ 1 የአውሮፕላን ጥገና ላይሰንስ ለሚፈልግ ሰው የ4 ዓመት ልምድ ይጠይቃል። እውቅና ያለው ሥልጠና የጨረሰ ደግሞ በ2 ዓመት ይፈተናል። የእኛ ልጅ አምስት ዓመት ኤሮስፔስ ተምሮ ይወጣል፤ ዲግሪው ግን በራሱ እንደዚያ ሥልጠና አይቆጠርለትም። 4ቱን ዓመት የት ይሥራ? ሃንጋር የሚያስገባው የለም። ያለ ሃንጋር ሎግቡክ አይሞላም፣ ያለ ሎግቡክ ሃንጋር አይገባም። ባለፈው ሳምንት አንዱን አገኘሁት። ስታዲየም ጋ የስልክ ስክሪን ይቀይራል። እጁን ግሪስ አልነካውም፣ ያሳዝናል።

ድሮን ፒያሳ፣ 2:40
ክፍል 2 ላይ የኔን ታሪክ ጨምሩ። የድሮን ዕቃ ያለበት ሳጥኔ 7 ወር ተይዞ ነበር። አንዱ ቢሮ ከዚያኛው ደብዳቤ አምጣ ይላል፣ ያኛው መልሶ ወደዚህኛው። በመጨረሻ ስከፍተው ባትሪው እንደ ትራስ አብጧል። ለእርሻ መለኪያ ብዬ ነበር ያስመጣሁት። ድሮን ይፈተሽ፣ ጸጥታ ነው፣ ይገባኛል። የምለው አንድ ሜዳ ይከለልልን ነው። ሰዓቱና ከፍታው ይታወቅ። ፈቃዱ ለሜዳው አንዴ ይሰጥ እንጂ ሞተር በቀየርኩ ቁጥር ደጅ አልጥና።

አቪዮኒክሷ፣ 3:05
ክፍል 3 ላይ የድሮው ገደብ ይግባ። የግል ኦፕሬተር ከ20 መቀመጫ በላይ አታበር በተባለበት ዘመን የተቀጠረ ሜካኒክ የሚያውቀው ካራቫን የምትባለውን ትንሽ አውሮፕላን ነው። የእሷን ፒቲ6 ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታል። ገደቡ ላላ፣ እሱ ግን ትልቅ አውሮፕላን ላይ ታይፕ ሬቲንግ (ለዚያ ዓይነት አውሮፕላን የሚሰጥ ፈቃድ) ስለሌለው ጥገናውን መፈረም አይችልም። ሕጉ በአንድ ቀን ይቀየራል፣ ሰው በአንድ ቀን አይቀየርም። ደግሞ ሽፋኑ ላይ ያለችው አውሮፕላን ምንድን ናት?

ጸሐፊ፣ 3:08
ጸሐይ ናት። ባዶ ከሚሆን ብዬ ነው።

ጋሽ ታርማክ፣ 3:30
ማን ፈቅዶ? ከሥሯ «በኢትዮጵያ የተሠራች የመጀመሪያዋ አውሮፕላን» ተብሏል። ሠሪው ቬበር ጀርመናዊ ነው። ሞተሩም ከውጭ የመጣ ነው። ባለሥልጣን ፊት በውሸት ልንቀርብ ነው?

ባለ ሪቬት፣ 3:34
ጋሼ፣ 1928 ላይ አቃቂ ሜዳ ነው የተሠራችው። አቃቂ ኢትዮጵያ ካልሆነ የት ነው?

ጋሽ ታርማክ፣ 3:41
ቦታውን አልካድኩም። ችግሩ «በ» ነው። «በኢትዮጵያ የተሠራች» ሲባል ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ወይስ ኢትዮጵያ ሠራቻት? አንባቢው ሁለተኛውን ነው የሚይዘው።

አቪዮኒክሷ፣ 3:44
በቃ «ኢትዮጵያ ውስጥ» ይባል። አለቀ።

ባለ ሪቬት፣ 3:50
አላለቀም! የቦይንግ 787 ክንፍ ጃፓን ነው የሚሠራው። አሜሪካ አልሠራችውም ልንል ነው? ኢቲአርኤስኤስ-1ን ከቻይኖች ጋር ነው የሠራናት። ታህሳስ 2012 ከቻይና ስትወነጨፍ «የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት» ብለን ጨፍረናል። ያኔ ማን «በ» አለ?

ጋሽ ታርማክ፣ 4:02
እኔ አልጨፈርኩም። አባቴ ዲሲ-3 ሲያጥብ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ አውሮፕላን ምን እንደሆነ አንተ አታስተምረኝም።

ባለ ሪቬት፣ 4:03
ማጠብና መሥራት ይለያያል።

ገንዘብ ያዥ፣ 4:05
ኧረ ተው! ስለ ሰው አባት አይወራም።

ድሮን ፒያሳ፣ 4:06
እናንተ በ«በ» ስትጣሉ ሁለተኛው ባትሪዬም ያብጣል።

ባለ ሪቬት፣ ማክሰኞ ጠዋት 1:15
ጋሼ፣ ማታ ያልኩት ከአፌ አምልጦ ነው። ይቅርታ። ዲሲ-3 ያጠበ እጅ አከብራለሁ።

ጋሽ ታርማክ፣ 1:40
ልጅ ነህ፣ አልቀየምኩም። «በ» ግን ይውጣ።

ጸሐፊ፣ 2:00
ወጣ። «አቃቂ ላይ የተሠራችው ጸሐይ» ብያለሁ። አሁን ወደ ክፍል 1። የሕጉን ክፍል አያለሁ ያለው አባል የት ደረሰ? እሑድ ይደርሳል ብሎ ነበር። ስልኩ አይነሳም።

ገንዘብ ያዥ፣ 2:20
እሱ መዋጮም አልከፈለም። እስካሁን የከፈላችሁ ዘጠኝ ናችሁ። በቴሌብር የላካችሁ ስማችሁን ጻፉ፣ «ወንድምህ» ብሎ የላከ ሰው አለ፤ የማን ወንድም እንደሆነ አላውቅም።

ሞተር ለገሃር፣ 5:30
አሁን ነው ያየሁት። ጸሐይን ጣሊያን በወረራው ወስዶ ሮም አጠገብ ሙዚየም ውስጥ ከ80 ዓመት በላይ አቆያት። በጥር 2016 ነው የተመለሰችው። እኔ የምለው፣ ፎቶ ከምንለጥፍ የእንጨት ሞዴል ይዘን እንግባ። ወረቀት መዝገብ ቤት ይቀራል። ሞዴል ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፣ ሰው ይጠይቃል፣ ያኔ እናወራለን።

ጋሽ ታርማክ፣ 5:38
ይሄ ልጅ ተባረክ! ዶሮ ማነቂያ የነበረ አናጢ አውቃለሁ። ሠፈሩ ሲፈርስ ወጣ ብሏል፣ ግን ስልኩ አለኝ። ክንፉን በዝግባ፣ አካሉን በወይራ ይሠራዋል።

አቪዮኒክሷ፣ 5:45
ወይራ? ጋሼ፣ በሁለት ሰው ነው የምንሸከማት። ክንፏ በዝግባ፣ ሆዷ በወይራ ከሆነች ደግሞ ቁልቁል ትደፋለች።

ጋሽ ታርማክ፣ 5:47
መቆሚያ ይደረግላታል።

ባለ ሪቬት፣ 5:52
ከሠራን አይቀር ፕሮፔለሩ ይዙር። ትንሽ ሞተር ከኔ።

ድሮን ፒያሳ፣ 5:53
ሞተር ከኔም አለ። የተያዘው ሳጥን ውስጥ ነበር፣ ደህና ነው።

ጸሐፊ፣ ከምሽቱ 1:10
ቆይ። የሕግ ባለሙያውን ማን ይከፍላል?

ሞተር ለገሃር፣ 1:22
ሕግ አዋቂ የሚያስፈልገን ለመከራከር ነው፣ እኛ ገና አልተከራከርንም። ቢሾፍቱ በመጨረሻ ደረጃው በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ ይይዛል የተባለ ኤርፖርት ታቅዷል። ለዚያ ሁሉ ሰው ሜካኒክ ከየት ይመጣል? ይሄን በሕግ ቋንቋ ከማለት በኤግዚቢሽን እናሳይ። «ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ»። ሞዴሏ መሐል ላይ፣ ዙሪያዋን ባዶ ሎግቡኮች ይሰቀሉ።

አቪዮኒክሷ፣ 1:30
ባዶ ሎግቡኮቹን ወድጃቸዋለሁ። ግን ይሄ ፕሮፖዛል ነው ወይስ ባዛር?

ጋሽ ታርማክ፣ 1:33
ሁለቱም። አዳራሹን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አፈላልጋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፣ ረቡዕ 3:00
አናጢው ግማሹን ቅድሚያ ጠይቋል። ለሕግ ባለሙያ ከተያዘው ነው የምሰጠው፤ ተቃውሞ ካለ እስከ 6 ሰዓት ተናገሩ። ደረሰኝ የለውም፣ ፊርማ ይበቃል ወይ?

ሞተር ለገሃር፣ 3:04
ይበቃል።

ባለ ሪቬት፣ 3:10
ይበቃል። ጸሐፊ፣ ክፍል 1 አሁን የት ነው? አዲሱ ፋይል ላይ አጣሁት።

ጸሐፊ፣ 3:25
አባሪ 2 ሆኗል። ገጹ ስለበዛ። ክፍል 3ን ከእሱ ጋር አዋህጄዋለሁ።

ድሮን ፒያሳ፣ 3:27
ሜዳውስ?

ጸሐፊ፣ 3:40
ሜዳው ለሁለተኛው ዙር ተላልፏል። ቃለ ጉባኤው ላይ ይሰፍራል።

ጋሽ ታርማክ፣ ዓርብ 11:20
አናጢው ፎቶ ልኳል። አፍንጫዋ ትንሽ ተላልጧል፣ ግን አምራለች። ከሥሯ ለምትለጠፈው ነሐስ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ዛሬውኑ። «በኢትዮጵያ የተሠራች» ብዬ ሰጥቼዋለሁ።

ባለ ሪቬት፣ 11:21
ጋሼ?

ጋሽ ታርማክ፣ 11:26
ነሐሷ ጠባብ ናት። «ውስጥ» አልገባም አለ።