ላይላክ አላብብ ሲል፦ ለሰሜን ቨርጂኒያ ግቢ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ፌርፋክስ ነን። ላይላካችን (ያ ባለ መዓዛ አበባ ቁጥቋጦ) ቅጠሉ ያምራል፣ አበባ ግን የለውም። ማዳበሪያ ልግዛ፣ ባለሙያ ልጥራ ወይስ ነቅዬ ሌላ ልትከል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ማን፣ መቼ እንደሚገርዘው እዪ። ላይላክ የመጪውን ዓመት እምቡጥ የሚቋጥረው አበባው ከረገፈ በኋላ፣ በዚያው በጋ ነው። ሣር አጫጆቹ ኦክቶበር ላይ በማሽን ድቡልቡል አድርገው ሲከረክሙት እምቡጡ አብሮ ይሄዳል። ሣሩን ይጨዱ፤ ላይላኩን ግን እንዳይነኩት ንገሪያቸው። ካረጀና ከተጨናነቀ አርቦሪስት (የዛፍ ባለሙያ) ጥሪ። ዋጋ ሲነግርሽ «መቼ ነው የምትቆርጠው?» በዪው፤ «አበባው እንዳለቀ» ካላለ ሌላ ፈልጊ። ደህና ሠራተኛ ካረጁት ግንዶች በየዓመቱ ሢሶውን ብቻ ከመሬት አስጠግቶ ይቆርጣል፣ በሦስት ዓመት ሁሉም ይታደሳል። የእጅ መጋዝ ካለሽ ራስሽም ብትሠሪው አያቅትሽም።

መልስ፦ ማዳበሪያውን ለጊዜው ተይው። የሣር ማዳበሪያ ናይትሮጂኑ ብዙ ስለሆነ ቅጠል ያወፍራል እንጂ አበባ አያመጣም፤ ወደ ላይላኩ ሥር እንዳይደርስ። የአጥንት ዱቄትም አፈሩ ፎስፎረስ ካልጎደለው ብር ማባከን ነው። የእኛ ሰፈር ቀይ ሸክላ አፈር አብዛኛውን ጊዜ አሲዳማ ነው፤ ላይላክ የሚስማማው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ6.5 እስከ 7 ነው። የአፈር መመርመሪያ ካርቶን ከካውንቲው ኤክስቴንሽን ቢሮ (የእርሻና የአትክልት ምክር ከሚሰጠው) ውሰጂ፤ በቁጥቋጦው ዙሪያ ከተለያየ ቦታ እስከ 6 ኢንች ቆፍረሽ፣ አደባልቀሽ ለቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ላኪ። አሲዱን ለመቀነስ ምን ያህል ኖራ እንደሚያስፈልግ ጽፈው ይልኩልሻል። በግምት አትበትኚ፣ የበዛ ኖራ ማውጣት አይቻልም።

መልስ፦ ፀሐዩስ? በቀን 6 ሰዓት ካላገኘ ከላይ የተባለው ሁሉ ብዙ አይረዳም። አዲስ ከተከልሽ ምርጫዬ «ሚስ ኪም» የምትባለው የላይላክ ዝርያ ናት፦ ሙቀት ትችላለች፣ ቁመቷ 6 ጫማ ገደማ ነው፣ ሻጋታም እምብዛም አይደፍራትም። ተራው ወይን ጠጅ ላይላክ በመዓዛ ይበልጣታል፤ ነገር ግን ብርድ ወዳድ ነው፣ በእኛ ወበቅ ኦገስት ላይ ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ሻጋታ ነው፤ አይገድለውም፣ ያስጠላል እንጂ። «ብሉመራንግ» የሚባለው ዝርያ በጋው ላይ ደግሞ ያብባል፣ ሁለተኛው ዙር ግን ሳሳ ያለ ነው።

ትልልቆቹ ሱቆች ይረክሳሉ፤ ችግኝ ቤት ደግሞ አበባ ላይ እያለ አሽትተሽ ትመርጫለሽ። ከየትም ግዢ፣ ከፕላስቲኩ አውጥተሽ ሥሩን እዪ። ዙሪያውን ተጠምጥሞ ከጠጠረ ተይው። ስትተክይ ጉድጓዱን አስፊው እንጂ አታጥልቂው። ከዚያ ሦስት ዓመት ያህል አበባ ባይሰጥ አትደንግጪ።

ነባሩ ግንድ ግርጌ ቀዳዳና የመጋዝ ብናኝ የሚመስል ነገር ካለ ግን ቦርቧሪ ትል ገብቶበታል፤ ያንን ግንድ ከሥሩ ቁረጭና ከግቢ አስወጪ።