ሐይቁ ዳር ፓይሉ ሁሉ 8 ሜትር ይሁን?

ጠያቂ (ከሽምብጥ)፦ ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም ሳንርቅ ከአባቴ ጋር ጂ+5 የእንግዳ ማረፊያ ልንጀምር ነው። ላይ ላዩ ዋልካ ነው። የካቲት ላይ ሁለት ቦታ ተቆፍሮ ተመረመረ። አንዱ ጋ 7 ሜትር፣ ሌላው ጋ 11 ሜትር ላይ ድንጋይ ተገኘ። ውሃው 2 ሜትር ላይ ነው። ፕላኑ ግን ፓይሉን (ሕንፃውን ለመሸከም መሬት ውስጥ የሚቀበረውን የኮንክሪት ምሰሶ) ሁሉ 8 ሜትር ይላል። ኮንትራክተሩ «እንደ ፕላኑ እንሥራ» አለን። አባቴ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ነው የሚያፈስበት። እንቀጥል?

ስትራክቸራል መሐንዲስ፦ እህቴ፣ ቆይ አትጀምሩ። ድንጋይ ላይ እንዲቆም ከታሰበ፣ 11 ሜትር ባለበት በኩል ያለው ፓይል 3 ሜትር ይጎድለዋል። ሕንፃው በአንድ ወገን ይሰምጣል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። የባሕር ዳር ሥር ባዛልት ነው፤ ፊቱ ግን ወጣ ገባ ነው። አንዳንዴ «ድንጋይ» የተባለው አፈር ውስጥ የተቀበረ ቋጥኝ ይሆንና ከሥሩ እንደገና ልል አፈር ይመጣል። 7 ሜትር ላይ ያለውን ስንት ሜትር ወጉት? 3 ሜትር ያህል ተበስቶ ናሙናው ሳይታይ እኔ አለት ነው ብዬ አልፈርምም። ሪፖርቱን እዪው።

የሳይት ፎርማን፦ ስለ ውሃው ልጨምር። የለካችሁት በበጋ ነው። ጣና የሚሞላው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ያኔ የጉድጓዱም ውሃ ሽቅብ ይመጣል። ሐይቅ ዳር አንድ ሥራ ላይ ያለ ኬሲንግ (ጉድጓዱ እንዳይናድ የሚደግፍ የብረት ቱቦ) የቆፈርነው ጉድጓድ ተንዶ አደረ። ውሃ ባለበት ኮንክሪቱን ከላይ አትልቀቁት፣ ሲሚንቶው ይታጠባል። በትሬሚ ቧንቧ፣ ማለትም እስከ ጉድጓዱ ታች በሚወርድ የኮንክሪት ማውረጃ፣ ከታች ወደ ላይ ይሞላ። የቧንቧው አፍ ሁልጊዜ ኮንክሪቱ ውስጥ እንደተቀበረ ይቆይ። በዚህ ነገር በጣም ጠንከር በሉ፤ አንዴ ከተሞላ በኋላ የውስጡን ማየት አይቻልም።

የአፈር ላብራቶሪ ባለሙያ፦ ዋልካውንም አትርሱት። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ሲያብጥ ፓይሉን ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ብረቱ እስከ ታች ይዝለቅ። ግሬድ ቢሙ (ፓይሎቹን ከላይ የሚያያይዘው አግዳሚ ኮንክሪት) ዋልካው ላይ በቀጥታ አይረፍ፣ ከሥሩ ክፍተት ይተውለት። ላይ ላዩን ሰሌክት (ከሌላ ቦታ የመጣ የተመረጠ አፈር) ሞልተው ቢሙን የሚያሳርፉበት አሉ፤ ከታች ዋልካ እስካለ ድረስ አላምነውም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሪፖርቱን አየሁት፤ 7 ሜትር ላይ ያለው ድንጋይ የተወጋው 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ስትራክቸራል መሐንዲስ፦ እንግዲያው እሱን እንደገና አስቆፍሩት፤ በማዕዘኖቹም ጨምሩ። ዲዛይነሩም ለሁሉም አንድ ርዝመት ከሚሰጥ «አለቱ ውስጥ ይህን ያህል ይግባ» ብሎ ይጻፍላችሁ። ውሉ ላይ ክፍያው በተቆፈረው ሜትር ይሁን። በጅምላ ከተዋዋላችሁ ኮንትራክተሩ ጠለቅ ብሎ በቆፈረ ቁጥር ይከስራል።