ለ88 ዓመት እናት ማሳከክ፦ ሴቲሪዚን ወይስ ሎራታዲን?

ታካሚዋ ሐዋሳ ቤታቸው ሆነው የሚታከሙ የ88 ዓመት እናት ናቸው፤ ክብደታቸው 42 ኪሎ። ቆዳቸው ደርቆ ሌሊት ያሳክካቸዋል። እከክ እንዳይሆን በጣቶቻቸው መካከልና በወገባቸው ዙሪያ ታይቷል፣ የለም፤ ከቤተሰቡም የሚያሳክከው ሰው የለም።

ለማሳከኩ ክሎርፌኒራሚን 4 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ይወስዱ ነበር። ለእግር ማቃጠል ለዓመታት የቆየ አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም አለ። ጉንፋን ሲይዛቸው ቤተሰቡ ዲፌንሃይድራሚን ያለበት የሳል ሽሮፕ ጨመረበት። ሦስቱም ሽንት የሚይዙ፣ አእምሮ የሚያደበዝዙ ናቸው። በ3ኛው ሌሊት ሽንታቸው ታገደ፣ የልጃቸው ስም ጠፋባቸው፣ የጋቢያቸውን ጠርዝ እየለቀሙ አደሩ። የሽንት ምርመራው ኢንፌክሽን አላሳየም።

ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) ገባ፤ ክሎርፌኒራሚኑና ሽሮፑ ቆሙ። በ4 ቀን ወደ ራሳቸው ተመለሱ፣ ካቴተሩም ወጣ።

ከዚያ ሴቲሪዚን 10 ሚሊግራም ማታ ማታ ታዘዘ። እስከ ቀትር ያስተኛቸዋል፤ ሽንት ቤት ሲሄዱም ይንገዳገዳሉ። ክሪያቲኒናቸው (ከጡንቻ የሚወጣና ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ በደም ውስጥ ያለው መጠን) 1.1 ስለሆነ «ኩላሊታቸው ደህና ነው» ተብሎ ነበር። ጡንቻ ሲያልቅ ይህ ቁጥር ያታልላል፤ በዕድሜና በክብደት ሲሰላ የኩላሊታቸው የማጣራት አቅም በደቂቃ 23 ሚሊሊትር ገደማ ነው። የሴቲሪዚኑ መጠን በዝቶባቸዋል ማለት ነው።

አሁን ሴቲሪዚኑ ቆሟል። ገላቸውን እንደታጠቡ ቆዳው ሳይደርቅ ቫዝሊን ይቀባሉ፤ ማሳከኩ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። አሚትሪፕቲሊኑ በአንዴ እንዳይቋረጥ ወደ 10 ሚሊግራም ወርዷል።

እሱ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ድረስ፣ በዚህ የኩላሊት አቅም፣ የትኛው ያነሰ ያደነዝዛቸዋል፦ ሴቲሪዚን 5 ሚሊግራም አንድ ቀን እየዘለሉ ወይስ ሎራታዲን 10 ሚሊግራም አንድ ቀን እየዘለሉ?