የሎጎ ሐይቅና የአርዲቦ ተፋሰስ የጋራ ፕሮፖዛል፦ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦ የመጀመሪያው ረቂቅ «የመሬት አጠቃቀም ለውጥ በሐይቆቹ ላይ ያመጣው ተጽዕኖ» ይላል። እንዲህ ከሄደ ሁለት የሳተላይት ምስል አነጻጽሮ የሚያበቃ ጥናት ይሆናል። እያንዳንዱ ቡድን ምን፣ የትና መቼ እንደሚለካ ቁርጥ አድርጎ ይጻፍልን።

የውኃ ቡድን፦ ሎጎ፣ ማለትም ደቡብ ወሎ ውስጥ በሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ፣ በገጸ ምድር መውጫ የለውም። ከጎረቤቱ አርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው ውኃ በአንከርካ ወንዝ በኩል ይገባበታል፤ ስለዚህ በገቢና በትነት መካከል የሚፈጠረው መዛባት የሚታየው በሐይቁ ከፍታ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የ1 ሳንቲ ሜትር የንባብ ስሕተት 230,000 ሜትር ኩብ ውኃ ማለት ነው። የውኃ ከፍታ መለኪያ ዘንጉ ክፍት ዳርቻ ላይ ከተተከለ ነፋስ የሚያነሳው ሞገድ ንባቡን ያናውጠዋል፤ ግርጌው በተበሳ ቧንቧ ውስጥ ይቁም። ዳር ካለ የማይነቃነቅ አለት ጋርም በሌቭል (በቅየሳ የከፍታ መለኪያ) ይያያዝ፤ ዘንጉ ሲያዘም ወይም ጀልባ ሲገጨው የድሮውን ንባብ ከአዲሱ የሚያገናኝልን እሱ ብቻ ነው። ንባብ ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት። አንከርካ ላይ ሁለት ጣቢያ እንፈልጋለን፦ ከአርዲቦ መውጫና ሎጎ ከመግባቱ በፊት። አንድ ብቻ ከሆነ በመካከል ለመስኖ የሚጠለፈውን ከድርቅ መለየት አይቻልም።

የአፈር ቡድን፦ ለደለል የማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያን አሠራር እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው ይህ ጣቢያ እዚሁ ደቡብ ወሎ ነው፤ ውጤታችንን የምናመሳክርበትም ይኸው ነው። ወንዙ ሲደፈርስ 1 ሊትር ናሙና ይቀዳል፣ ከዚያ በየ10 ደቂቃው፤ ሲጠራ በየ30 ደቂቃው። የተጣራው ደለል በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ24 ሰዓት ደርቆ ይመዘናል። ትልቁ ስሕተት ጎርፉ ካለፈ በኋላ መድረስ ነው። ወንዙ ሲሞላና ሲጎድል ከፍታው እኩል ቢሆን እንኳ የሚሸከመው አፈር እኩል አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሙላት ይበዛል። ናሙና ቀጂው የወንዙ ዳር ነዋሪ ካልሆነ የሌሊቱን ጎርፍ አናገኘውም።

የመሬት ሽፋን ቡድን፦ የምስሉ ወር መጠቀስ አለበት። በሚያዝያ የተነሳ ምስል የበልግ ገብስን አረንጓዴ አድርጎ ያሳያል፤ ያው ማሳ በጥር ባዶ ነው። ወሩ ካልተመሳሰለ «የእርሻ መሬት ቀነሰ» የሚል የውሸት ውጤት ይወጣል። ጥር ላይ እንወስን፦ ሰማዩ ይጠራል፣ አዝመራው ይነሳል፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ ይለያል። የላንድሳት ሳተላይት ምስል አንድ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) 900 ካሬ ሜትር ስለሆነ የጓሮ ባሕር ዛፍ ይጠፋበታል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ላለው ባለ10 ሜትር ፒክስሉን የሴንቲኔል-2 ሳተላይት እንጠቀም፤ ከድሮው ጋር ስናነጻጽር ግን ወደ 30 ሜትር እናውርደው።

የውኃ ቡድን፦ ጥር እንስማማለን። ያለፈው ክረምትና በልግ ዝናብ ግን ከምስሉ ጎን ይቀመጥ።

የሥነ ሕይወት ቡድን፦ ከዳር የተቀዳ ናሙና ስለ ሎጎ ብዙ አይነግርም፤ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በጥልቁ ቦታ ሙቀትና ኦክስጅን በየ5 ሜትሩ ይለካ፦ በወር አንዴ፣ ከኅዳር እስከ ጥር በየሳምንቱ። በብርዱ ሌሊት የላዩ ውኃ ቀዝቅዞ ሲሰምጥ ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውኃ ሊወጣና ዓሣ ሊገድል ይችላል። ልኬት ከሌለ የቆሮሶው (የቲላፒያ ዓሣው) ሞት በፀረ ተባይ ይሳበባል። ኦክስጅን ሜትሩ በየጉዞው ጠዋት ይስተካከል፤ በቆላ ከፍታ የተስተካከለ መሣሪያ እዚህ ይሳሳታል።

አስተባባሪ፦ ርዕሱ «የሎጎና የአርዲቦ ውኃና ደለል ሚዛን» ይሁን። ጊዜው ሁለት በልግና ሁለት ክረምት እንዲይዝ 24 ወር ይባል። የዘንግ አንባቢዎችና የናሙና ቀጂዎች ክፍያ «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ አይደበቅ፤ በራሱ መስመር ይግባ፤ በጀት ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚነካው እሱ እንዳይሆን። የአፈር ቡድን የጠርሙስና የማጣሪያ ወረቀት ብዛት ይላክልን።