«ፀሐይ» ብለው ሲፈልጉ «ጸሀይ» አትመጣም፤ ምን ላድርግ?

ጀማሪ ዴቭ፦
ሰላም ቤተሰብ። ለአንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሲስተም እየሠራሁ ነው። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው፤ የአማርኛ ፊደል ያለችግር ይገባል፣ ይወጣል። ጣጣው ፍለጋው ላይ ነው። ጠዋት የምትገባዋ ልጅ «ፀሐይ ዓለሙ» ብላ ትመዘግባለች። ከሰዓት ያለው ልጅ «ጸሀይ አለሙ» ብሎ ይፈልግና ሲያጣ አዲስ ካርድ ያወጣል። የላብራቶሪ ውጤቷ አንዱ ካርድ ላይ፣ የመድኃኒቷ ታሪክ ሌላው ላይ ቀረ። የዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ደረጃ) ኖርማላይዜሽን፣ ማለትም በተለያየ ኮድ የተጻፈን አንድ ፊደል አንድ የሚያደርገውን፣ ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች። ምን ይሻላል?

ሌሊት ኮደር፦
ሠራተኞቹ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይልመዱ። ለዚህ ኮድ መነካካት ምን አስፈለገ?

የድሮ ሰው፦
አይሆንም ወንድሜ። ባለስሙ ራሱ መታወቂያው ላይ «ኃይሉ» ተብሎ፣ ፎርም ሲሞላ «ሀይሉ» ብሎ ይጽፋል። ኖርማላይዜሽኑ ያልሠራው ለዩኒኮድ ሀ፣ ሐ እና ኀ የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ ነው። ስለዚህ ማመሳሰሉ የአንተ ሥራ ነው። ስሙን እንደተጻፈ ተወው። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ኮለም ጨምርና ኢንዴክስ (ፍለጋውን የሚያፋጥን ማውጫ) አድርግበት። ሲመዘገብም ሲፈለግም ስሙ በአንድ ፈንክሽን (ፊደሉን በሚያመሳስል ትንሽ ኮድ) ይለፍ።

ፈንክሽኑ ቀላል ሒሳብ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ በስምንት በስምንት ተደርድሯል። ከሐ ቤት ፊደል ቁጥር 16 ስትቀንስ ሀ ቤት ትገባለህ፤ ከኀ ደግሞ 128። ከዐ 48 ቀንሰህ አ፣ ከፀ 8 ቀንሰህ ጸ ታገኛለህ። ሠ ላይ ግን 16 ደምር፤ ሰ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ቀይር። ታዲያ ይህ ለየቤቱ ሰባት ፊደላት ብቻ ነው፤ ስምንተኛውን ቦታ አትንካው። ከሗ 16 ብትቀንስ የሚወጣው ሇ ነው። ይቺን ፊደል አይቷት የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ!

ዳታቤዝ ጠባቂ፦
እስማማለሁ፤ ግን ዋናውን ስም በዚህ ፈንክሽን እንዳትቀይሩት። ሪፈር ወረቀት ላይ የሚታተመው ሰውየው ያስመዘገበው ነው። በትግርኛ ደግሞ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ ድምፃቸውም ይለያያል።

ሌላው ራስ ምታት እዝባሯ (/) ናት። «ገ/ሚካኤል»፣ «ገብረ ሚካኤል»፣ «ገብረሚካኤል» አንድ ሰው ነው። መጀመሪያ ገ/ን ወደ ገብረ፣ ኃ/ን ወደ ኃይለ ፍታ፤ ከዚያ ክፍተቱንና ምልክቱን አጥፋ። ቅደም ተከተሉን ካዛባህ እዝባሯ ቀድማ ትጠፋና የምትፈታው ነገር አይኖርም። ወ/ ግን ወልደም ወለተም ሊሆን ስለሚችል ጾታውን ሳታይ አትፍታው።

ጀማሪ ዴቭ፦
ተባረኩ! እስካሁን የተደራረቡትን ካርዶችስ ስልክ ቁጥራቸው አንድ ከሆነ በስክሪፕት ላዋህዳቸው?

ዳታቤዝ ጠባቂ፦
ኧረ በፍጹም! በአንዲት እናት ስልክ ልጆቿ ሁሉ ተመዝግበው ይሆናል። የሚመሳሰሉትን ከነአያት ስምና ዕድሜ ጎን ለጎን አሳይ፤ ውሳኔው የካርድ ክፍል ይሁን። የተዋሃደውን መልሶ መለየት እንዲቻልም የድሮውን የካርድ ቁጥር አታጥፋ፤ ታካሚው የያዘው ወረቀት ላይ ያለው እሱ ነው።